የአናምኛ አዋቂው ውባየሁ

«ባሕር ባሕር ሲሉኝ፣ ባሕሩን አየሁት፣
ውኃ መስሎኝ ነበር… እም… እምም… እምምም።»

ሃምሳ አለቃ ውባየሁ ይቺን ዘፈን ሠላሳ ዓመት አንጎራጎራት፤ አንድም ቀን ጨርሷት አያውቅም። ውኃ መስሎት የነበረው ነገር በኋላ ምን ሆኖ እንደ ተገኘ የሰንበሌጥ አምባ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማም። ሌላ ሰው ቢሆን የጠፋችውን ስንኝ ከራሱ ሞልቶ ይገላገል ነበር። እሱ ግን ዕድሜውን በሙሉ ከራሱ እየሞላ የኖረ ሰው ሆኖ ሳለ ይቺን አንዲቱን መሙላት አቃተው።

«እባክህ ወይ ጨርሳት ወይ ተዋት፤» ትለዋለች ሚስቱ አማከለች፣ እንዝርቷን እያሾረች። «መርከቡ ባሕር ላይ ቆሞ ቀረ እኮ!»

ሰንበሌጥ አምባ በመንዝ፣ ከሞላሌ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ነፋሱ ከጓሳ ተራራ ተነሥቶ ሲወርድ የበግ ሽታና የውርጭ ስለት ይዞ ይመጣል፤ ገብሱ ሲያሸት ደግሞ ያው ነፋስ ማሳውን እንደ ክራር ይደረድረዋል። እንዲህ ባለ አገር የተወለደ ሰው ወይ ያርሳል፣ ወይ ይቀድሳል፣ ወይ ይዘምታል። ውባየሁ ሦስቱንም ሞካክሮ አንዱንም አልጨረሰም።

እናቱ ለድቁና ብላ ለየኔታ ሰጥታው ነበር። ሀሁን ወጣ። ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል። ይህ ፊደሉን ከተራው አፈናቅሎ በሰያፍ የሚያስነብብ የሕፃን ምላስ ማፍታቻ ነው። «አቡጊዳሄውዞ፤ በጉዲሃዌዝሖ፤ ገዱሂዋዜሕጦ…» ትርጉም የለውም፤ ትርጉም እንዲኖረውም አልተፈጠረ። ውባየሁ ይህን እንደ ውኃ ጠጣው። ትርጉም ያለው ንባብ ሲመጣ ግን ሌሊት አኩፋዳውን ሰቅሎ ጠፋ። ክፉ ሰዎች «ከትምህርት ሁሉ የወደደው ትርጉም የሌለውን ነው» ይሉታል። ክፉ ይሁኑ እንጂ ውሸታሞች አይደሉም።

ክቡር ዘበኛ ገባ። ኮሪያ ዘመተ። ከአንድ አፈር አብረውት የዘመቱት ተራራ ሲይዙና ተራራ ሲለቁ፣ ገሚሶቹም እዚያው ሲቀሩ፣ ውባየሁ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ድስት ያጥብ ነበር። ድስት ማጠብ ነውር አይደለም፤ ጦር ሠራዊት በሆዱ ነው የሚሄደው። ነውሩ ከተመለሰ በኋላ መጣ። አንድ ካፖርት፣ አንድ ሜዳይና አንድ ፈረንጅ ወጥ ቤት የሰጠውን ባለሥዕል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዞ ገባና፣ በየድግሱ መካከል ካፖርቱን እየወዘወዘ ይፎክር ጀመር። ያልወጣው ተራራ፣ ያልማረከው መድፍ አልቀረም። የቆሰሉት ዘማቾች ጥግ ይዘው ጠላቸውን እየጠጡ ዝም ይላሉ። ጀግና ዝም ሲል ድስት አጣቢ ይፎክራል።

ደርግ መጣ። በ፲፱፻፷፯ ዓ.ም. የመጀመሪያው ካድሬ ከመንደሩ የኮሶ ዛፍ ሥር ሰው ሰብስቦ ኮሪያ የዘመተ ሁሉ የኢምፔሪያሊዝም ቅጥረኛ ሆኖ ወንድም ሕዝብ የወጋ ነው አለ። ውባየሁ በዚያው ቀን ሜዳዩን ከጎታው ሥር ቀበረ፤ ከሜዳዩ ጋር ተራሮቹን ሁሉ ቀበረ። ሦስት ወር ያህል እንደ ታመመ በግ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ሰው ያለ እህል ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ውባየሁ ያለ ፉከራ መቆየት አልቻለም።

አንድ ቀን መጽሐፉን ሲያገላብጥ አንድ ሥዕል አገኘ። ሾጣጣ ባርኔጣ የደፋ ሰው እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በጎሽ ያርሳል። በሞላሌ ገበያ የሚያልፍ አንድ አስተማሪ ይዞ ጽሑፉን አስነበበው።

«አናሚዝ ይላል፤» አለ አስተማሪው። «አናም የሚባል አገር ሰዎች ናቸው። እንግሊዝ ሕዝቡንም ቋንቋውንም በዚሁ በአንድ ስም ነው የሚጠራው። መጽሐፉ ግን የድሮ ነው፣ ዛሬ ይህ ስም…»

ውባየሁ «ቋንቋውንም» ከምትለው ቃል ወዲያ አልሰማም። ቋንቋ! ተራራ ምስክር ይፈልጋል፤ ቋንቋ ግን አፍ ብቻ ነው የሚፈልገው። በሳምንቱ አንድ ሠርግ ላይ ካፖርቱን ደርቦ ብድግ አለ።

«ዘራፍ ውባየሁ፣ የባሕሩ ማዶ፣
ቋንቋ ጭኖ መጣ፣ እንደ ገብስ ነዶ!»

ለካ ከኮሪያ ሲመለስ መርከባቸው ተሰብሮ አናም አገር ስድስት ወር ተቀምጦ ኖሯል! ለካ ቋንቋቸውን ጠጥቶት ኖሯል! ሰው አፉን ከፈተ። «እስቲ ተናገረው» አሉት። ውባየሁ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድምፁን በአፍንጫው እያሾለከ፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያደረገ አንበለበለው፦

«ገዱሂ… ዋዜ… ሕጦ! በጉዲ… ሃዌ… ዝሖ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩት መሪጌታ ገብረ አማኑኤል ብቻ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጎተቱና ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አርባ ዓመት ልጆች ያስተማሩበትን አቡጊዳ በአፍንጫው ቢያወጣው ሊሰወራቸው አይችልም። ነገር ግን ዘመኑ ቄስ አፍ የሚከፍትበት አልነበረም። ደግሞም፣ እውነቱን እንናገር፣ አስቋቸዋል። የጠፋ ተማሪያቸው ቢያንስ አንድ ነገር ይዞ ቀርቷል።

ከዚያ ወዲያ አሥር ዓመት አናም እንዲህ ነው፣ አናም እንዲያ ነው። አንዱ ትምህርት ቤት ሄዶ የግድግዳውን ካርታ አይቶ «አናም የሚባል የለም» ቢለው ውባየሁ ምን ይላል? «ካርታውን የሠራው ሰው እጁ አጭር ነው። ከኮሪያ ወዲህ ሲደርስ ደክሞት ተወው።» በጎን ደግሞ እንደ ሰው ሁሉ በየስብሰባው ግራ እጁን እያነሣ «ኢምፔሪያሊዝምን ያንበረከከው የቬትናም ሕዝብ ለዘላለም ይኑር!» እያለ ይጮኻል። የሚጮኸው ለማን እንደሆነ ሳያውቅ ነው፤ ይህ ግን የእሱ ብቻ ኃጢአት አይደለም፤ ማን ለማን እንደሚጮህ ያወቀ አልነበረም።

እርሻው በዚህ መሀል ጠፍ ሆነ። የሰፈር ሴቶች በእንዝርታቸው ዜማ አወጡለት፦

«አናም አናም ሲለን፣ ዓመት ዓመት አልፎ፣
ጎታው ባዶ ቀረ፣ ወሬ ብቻ ታቅፎ።»

በ፲፱፻፸፯ ዓ.ም. ጎታው ባዶ የቀረው የውባየሁ ብቻ አልነበረም። በልጉ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ከዳ። ደመናው በጓሳ ላይ እየተሰበሰበ፣ እየጠቆረ፣ ልብ እያማለለ፣ ከሰዓት በኋላ እንደ ሐሰተኛ እጮኛ ይበተናል። ያን ጊዜ ነው የሰፈራው መኪና መምጣት የጀመረው።

«ገብሴ አልበቀለም፣ ደመናው ሸሸና፣
ሰው አጭዶ ይሄዳል፣ የመንግሥት መኪና።»

ይህን የገጠመችው ሴት ስሟ አልታወቀም። ያልታወቀውም እንዳይታወቅ ነው።

በጥቅምት ማለቂያ ሰው ሁሉ ከኮሶው ሥር ተጠራ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ኃይለመስቀል ወረቀት ይዞ ቆሟል። ሰውዬው ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት በግ ነጋዴ ነበር፤ ዓይኑ አሁንም ሰውን ሲያይ ላቱን ይመዝናል። አጠገቡ ከበላይ የመጣው ካድሬ ጓድ አፈወርቅ አለ፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ካኪ የለበሰ፣ ሽማግሌውን ሁሉ «አንተ» የሚል። ዝርዝሩ ለሥራ ፈት ነው ተብሎ ስሞቹ ይጠራሉ። የተጠራ ከነቤተሰቡ ወደማያውቀው ቆላ ይጫናል።

«ውባየሁ፣ ከነባለቤቱ።»

አማከለች የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ቤቷን በጓሳ ሣር ከከደነችው ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያን ሣር እሷ ናት አጭዳ በጀርባዋ ያመጣችው። ሦስት ልጆቿ የተቀበሩት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው። ከዚህ አፋፍ ሌላ የምታውቀው አገር የለም።

ውባየሁ ብድግ አለ። ሰው ሲጨንቀው የለመደው እጁ ወደ ለመደው ዱላ ይሄዳል።

«ጓድ ካድሬ፣ ዝርዝሩ ለሥራ ፈት ነው ብለዋል። እኔ ሥራ ፈት አይደለሁም።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ቋንቋ።»

ሰው በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ሳቀ። ኃይለመስቀል «ገበያ የማይወጣ ዕቃ!» አለ።

«የምን ቋንቋ?» አለ ካድሬው።

«አናምኛ።»

ይህን ያለው ተማምኖ ነው። ከአናም የሚመጣ የለም፤ ወደ አናም የሚሄድ የለም፤ ካርታው ላይ እንኳ የለም። ሰው ባልተፈጠረ አገር ሲሸሸግ ማን ያገኘዋል? ካድሬው ግን እስክሪብቶውን ጨብጦ ደረቀ።

«አናም… ሾጣጣ ባርኔጣ ያለው፣ ውኃ ውስጥ የሚያርሰው ሕዝብ?»

«እሱው ነው!» አለ ውባየሁ ደረቱን ነፍቶ።

«ጓዶች!» ካድሬው እንደ ታቦት ንግሥ ቀን ወጣት ዘለለ። «ካድሬ ትምህርት ቤት ተምረነዋል! አናም ማለት እኮ ቬትናም ነው! ፈረንሳይና እንግሊዝ የለጠፉባቸው የቅኝ ገዢ ስም ነው እንጂ ሕዝቡ ያው የቬትናም ሕዝብ ነው! በኅዳር ሦስት እርከናችንን ሊያዩ የቬትናም ጓዶች እዚህ ይመጣሉ! አስተርጓሚ ከየት ላምጣ ብዬ እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንቴ ነው!»

ሰው አጨበጨበ። ውባየሁ አላጨበጨበም። ያ ያልተፈጠረ አገር ድንገት እግር አውጥቶ፣ ጫማ አድርጎ፣ በመኪና እየመጣ ነበር።

ካድሬው በቀይ እስክሪብቶ የባልና ሚስቱን ስም ሰረዘ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጆሮው፣ ግን ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ እንዲህ አለው፦

«ለበላይ አካል ዛሬውኑ አስታውቃለሁ፣ ከሰፊው ሕዝብ መሀል አስተርጓሚ ተገኝቷል፣ ከከተማ መላክ አያስፈልግም ብዬ። ስማኝ ጓድ ውባየሁ። ያሳፈርከን እንደሆነ የመጀመሪያው መኪና ላይ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ። ሚስትህ ሁለተኛ።»

ቤት ሲገቡ አማከለች በሩን ዘጋችና ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች።

«አሁን ንገረኝ። ታውቀዋለህ?»

«ሠላሳ ዓመት ሆነኝ እኮ፤ የተወሰነ ረስቼው…»

«ውባየሁ!»

ውባየሁ ባለሥዕሉን መጽሐፍ ከመደቡ አንሥቶ ከጀርባው ሸሸገ።

«አምላኬን!» አለች። «እኔ ሞኟ! ሰው ሲስቅብህ ስንቱን ሴት ተጣላሁልህ። ‹ባሌ ባይማር ባሕር ተሻግሯል› እያልኩ!»

«ታምሟል በያቸው። ጉሮሮውን አሞት ድምፁን ዘግቶታል በይ።»

«አልልም። በዚህ ቤት የሚዋሽ አንድ ሰው ይበቃል። የሰቀልከውን ራስህ አውርድ።»

በማግስቱ መሪጌታ ገብረ አማኑኤል ዘንድ ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። መሪጌታ በፀሐይ ተቀምጠው ብራና ይፍቁ ነበር።

«የኔታ፣ ምን ይሻለኛል?»

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው ግዕዝ ነው። ቬትናሞቹ ደግሞ ግዕዝ የሚሰሙ አይመስለኝም።»

«ታዲያ ያንኑ ልበል?»

መሪጌታ ፍቀታቸውን አቁመው አዩት። «ከአሁን ወዲያ ሌላ አቡጊዳ አይመጣልህም። እንግዲያማ በሥርዓቱ በለው። በዚያ ሠርግ ላይ የ‹ደ›ን ቤት ዘለሃል።»

ኅዳር ሦስት ቀን ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ የተራበ ሰው በእርከኑ ላይ ሁለት ረድፍ ተሰልፎ የወረቀት ባንዲራ ይዟል። ከጓሳ ሦስት ሙክት ተነድቶ መጥቷል። ድንኳኑ ተተክሏል። ውባየሁ ካፖርቱን ለብሶ ከካድሬው ቀኝ ቆሟል፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ከጭንቀት ብዛት እህል በአፉ አልዞረም።

መኪናው መጣ። መጀመሪያ ከበላይ የመጡ አንድ ጓድ፣ ከዚያ ሦስት እንግዶች ወረዱ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ጠጉሯ የሸበተ፣ አጭር፣ ግራጫ ኮት የለበሰች ሴት። ሾጣጣ ባርኔጣ የለም፤ ጎሽም የለም። ሴትዮዋ የእርሻ ባለሙያ ነች ተባለ፤ ፊቷ ግን ዕድሜዋን በረሃብና በጦርነት መሀል ያሳለፈች የገበሬ እናት ፊት ነው። የሰንበሌጥ አምባ ሴቶች ያዩትን ሁሉ ዘመድ ያስመስላሉና «ቁርጥ የሞላሌዋ ጥሩሸዋ!» ተባባሉ።

ካድሬው ረጅም ንግግር አድርጎ «ተርጉም!» አለው።

ውባየሁ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄደ። ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁን በአፍንጫው ለቀቀው።

«አቡጊ… ዳሄ… ውዞ! በጉዲ… ሃዌ… ዝሖ! ገዱሂ… ዋዜ… ሕጦ! ደሁዊ… ዛሔ… ጥዮ!»

በሰልፉ መሀል የቆሙት መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ‹ደ› አልተዘለለም።

አሁን የሚሆነውን ልብ በሉ። እንግዶቹ ይህን ሽማግሌ ምን ብለው ይጠርጥሩት? ካፖርት የለበሰ ሸበቶ የአገር ሰው እያዜመ ሲቀበላቸው፣ በራሱ ቋንቋ የሚመርቅ የአገሩ ካህን መሰላቸው። ሴትዮዋ እጆቿን ገጥማ ዝቅ ብላ እጅ ነሣችው። ከዚያም በራሷ ቋንቋ፣ ለስላሳ በሆነ፣ ወፍ በሚመስል ድምፅ መለሰችለት።

ሰው ጮኸ! እልልታው ገደሉን አናጋው። «ገባቸው! ገባቸው!» ካድሬው ፊቱ እንደ ተቀባ ቆዳ አበራ። አሥር ዓመት የዋሸ ሰው በአንዲት ሴት ትሕትና እውነተኛ ሆነ።

«ምን አለች?» አለ ካድሬው።

«‹እርከናችሁ ከእኛ አገር እርከን ይበልጣል› ትላለች» አለ ውባየሁ። ልቡ ተመልሶለታል፤ እንዲያውም ከልኩ በላይ ተመልሶለታል።

ሴትዮዋ ግን ቆማ አልቀረችም። ወደ አንዱ ማሳ ወርዳ ተንበረከከች። አፈሩን ዘገነች። ከተሰለፉት መሀል የአንዷን ክንድ ይዛ አጥንቱን በጣቷ ዳሰሰች፤ ባዶውን የገብስ ዛላ በመዳፏ አሽታ እፍ አለችው። ገለባው ብቻ በረረ። ተነሥታ ወደ ውባየሁ ዞረችና ፈጥና፣ ተቆጥታ መሰለ፣ ብዙ ተናገረች። ሆዷን ነካች፤ ወደ ሰዎቹ ጠቆመች፤ ወደ ድንኳኑ ጠቆመች፤ ዓይኗ ውኃ ሞላ።

ይህን ለመተርጎም ቋንቋ አያስፈልግም ነበር። በሰንበሌጥ አምባ የተሰለፈ ሰው ሁሉ፣ ሕፃኑ ሳይቀር፣ ገብቶታል። የወረቀት ባንዲራዎቹ አንድ በአንድ ዝቅ አሉ።

«ምን አለች?» አለ ካድሬው፣ አሁን በጥርሱ መሀል።

ውባየሁ ሰዎቹን አየ። አማከለችን አየ። ከዚያ የካድሬውን ኪስና ቀዩን እስክሪብቶ አየ።

«‹በዕድገታችሁ እጅግ ተደስቻለሁ፤ የማለቅሰውም የደስታ ነው› ትላለች።»

«ሆዷን እየነካች?» አለች አንዲት ሴት ከሰልፉ ውስጥ።

«ጠግባ ነዋ!» አለች ሌላዋ። ሳቅ አልተከተለም። አማከለች ባንዲራዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ከሰልፉ ወጥታ ሄደች።

ውባየሁ በሕይወቱ ብዙ ዋሽቷል፤ ያ ሁሉ ለድግስ ማድመቂያ ነበር፣ ማንንም አልገደለም። ይህ ግን ሌላ ነው። ሰው ስለሰው ያለቀሰውን እንባ ቀምቶ ለሌላ ሸጠው።

በድንኳኑ ውስጥ እንግዶቹና ባለሥልጣኖቹ ተቀመጡ። አስተርጓሚ አይቀመጥም ተባለና ከኋላ ቆመ። ጥብሱ በፊቱ አለፈ፣ ዱለቱ አለፈ፣ ጠጁ አለፈ። ሴትዮዋ ከቀረበላት አንድም አልነካችም። ሳህኗን አንሥታ ለቆመው ለውባየሁ ዘረጋችለት። እጁን ሲሰድ ኃይለመስቀል መነጠቀና «አስተርጓሚው ጾመኛ ነው» አለ፤ ጥብሱንም ወደ ራሱ አፍ ሰደደው። ውባየሁ አሁንም ቢሆን የሚለው አላጣም፤ «ደሁዊ ዛሔ ጥዮ» አለ በአፍንጫው። ሴትዮዋ ራሷን ደፍታ ወጣች።

መኪናቸው አቧራውን አስነሥቶ ሲሄድ ካድሬው ውባየሁን አቀፈው።

«ድንቅ! ከበላይ የመጡት ጓድ ራሳቸው አድንቀውሃል! ለአንተ ያለ ቦታ ተገኝቷል። በሰፈራው ጣቢያ ብዙ የውጭ ጓዶች ሊመጡ ነው፤ ቋንቋ አዋቂ ያስፈልጋል። ሰኞ በመጀመሪያው መኪና ትሄዳለህ። እንደ ሰፋሪ አይደለም፣ እንደ ጓድ!»

ውባየሁ ከእቅፉ ወጥቶ ወደ ኋላ አለ።

«ጓድ… ከዝርዝሩ ተሰርዘሃል ብለውኝ አልነበረም?»

«ከዚያኛው ዝርዝርማ ተሰርዘሃል። ይህ ሌላ ዝርዝር ነው።»

ያን ጊዜ ውባየሁ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋን እውነት ተናገረ።

«ጓድ አፈወርቅ፣ እኔ አናምኛ አላውቅም። ቬትናምኛም አላውቅም። አንድም ቃል አላውቅም። ያ ያልኩት ሁሉ የሕፃን አቡጊዳ ነው። የኔታን ይጠይቋቸው፣ ይኸው ቆመዋል።»

ካድሬው ፈገግታው አልጠፋም፤ ዓይኑ ብቻ ቀዘቀዘ። ወደ መሪጌታ ዞረ።

«መሪጌታ፣ እውነት ነው? የተከበሩትን እንግዶች በአቡጊዳ ነው የተቀበልናቸው? እንዲህ ብዬ ልጻፍ? ምስክር ሆነህ ትፈርማለህ?»

መሪጌታ ገብረ አማኑኤል መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ሽማግሌ ናቸው። ቆላው ሩቅ ነው።

«እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ፤» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «የዓለሙን ቋንቋ አላውቅም።»

«አየህ?» አለ ካድሬው የውባየሁን ካፖርት ኮሌታ እያስተካከለ። «ታውቃለህ። ሪፖርቱ ላይ ታውቃለህ ተብሏል። እንግዶቹ እጅ ነሥተውሃል፤ ሕዝቡ እልል ብሏል። ከእንግዲህ አላውቅም ማለት የአንተ ሥልጣን አይደለም።»

በዚያ አገር በዚያን ዘመን አንድ ውሸታም እውነት ለመናገር ፈልጎ ሲያቅተው ታየ። ያሳዝናል? እንጃ። ሰው በገዛ እጁ የፈተለው ገመድ ሲያንቀው ማዘን እንዴት እንደሚቻል የሚያውቁ ደጋግ ሰዎች አሉ። የሰንበሌጥ አምባ ሴቶች በዚያ ቀን ደግ አልነበሩም። ሲያልፍ መንገድ ለቀውለት «ጓድ ውባየሁ፣ የዕድገት እንባ አይለይህ!» አሉት።

ፀሐይ ገና በአፋፉ ላይ ሳለች ቤቱ ደረሰ። አማከለች ጓዝ አልሸከፈችም፤ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። የሆነውን ሁሉ ቆሞ ነገራት። ምንም አልጨመረም፤ የሚጨምርበት ጉልበት አልነበረውም።

«እኔስ ስሜ አለ?» አለች።

«የለም። ከፊተኛው ሁለታችንም ተሰርዘናል። በሁለተኛው ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

«ቤቱ ይቀርልኛል ማለት ነው።»

«ይቀርልሻል።»

አማከለች እሳቱን ቆሰቆሰች። ከዚያ ተነሥታ ከአልጋዋ ሥር አንድ ስልቻ ጎተተች። ውባየሁ ስልቻውን ሲያይ ደነገጠ። ሁለቱን የረሃብ ዓመት ከጎረቤት ዓይን፣ ከአይጥ፣ ከገዛ ሆዷም ሸሽጋ የተኛችበት የዘር ገብስ ነው። በመንዝ ሰው ይሞታል እንጂ ዘር አይበላም።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልቆላው ነው።»

«ዘሩን? የበልጉስ?»

ስልቻውን ፈትታ ወደ ምጣዱ ዘረገፈችው። ገብሱ መንጣጣት ጀመረ።

«ማን ያርሰዋል?» አለች።

ለዚህ አናምኛ እንኳ አልመጣለትም። የቆላችውን ወቅጣ፣ ነፍታ፣ በውኃና በጨው ለወሰችው። ገበታውን መደቡ ላይ አኖረች። ውባየሁ ገና ካፖርቱን እንደለበሰ ቆሟል፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ እግሩ አብጧል።

«ተቀመጥ፤» አለችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ፍቅር አልነበረም፣ ቁጣም አልነበረም። «ሰኞ ሩቅ አገር ነው የምትሄደው። ብላ።»

ካፖርቱን አወለቀ። መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ እጁን ታጥቦ፣ በሶውን ጨበጠና በላ።